በር የሌለው ኮምፒውተር

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እራት ተበልቷል፣ ትንሿ ልጅ ተኝታለች፣ ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። እናትየው ሲኒዎቹን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። የደንበኞቿን የወር ሒሳብ ልትዘጋ ነው።

የመጀመሪያውን ፋይል ነካችው፤ አልተከፈተም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እምቢ አሉ። ልብ ብላ ስታይ በሁሉም ፋይሎች ስም መጨረሻ ላይ አይታቸው የማታውቅ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ ውስጥ ደግሞ አንድ አዲስ ጽሑፍ ተቀምጧል። ፋይሎችዎ ተቆልፈዋል፤ መክፈቻውን ከፈለጉ ወደ አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ይክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈሉ ግን በግማሽ ዋጋ ይሆንልዎታል ይላል።

ሌቦቹ ቅናሽ ማድረጋቸው ነው።

ሴትየዋ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ዘጠኝ ዓመት ተቀጥራ ሠርታለች። ሁለተኛዋ ልጅ ስትወለድ ግን ሥራውን ለቃ ቤቷ ሆና የአምስት ነጋዴዎችን መዝገብ መያዝ ጀመረች፦ የአንድ መድኃኒት ቤት፣ የሁለት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች፣ የአንድ ካፌና የአንድ የመዋቢያ ዕቃ አከፋፋይ። ደረሰኙን በቦክስ ፋይል ያመጡላታል፤ እሷ ፒችትሪ ላይ ታስገባለች፤ በወሩ መጨረሻ ግብራቸውን ታሳውቅላቸዋለች። ቢሮዋ ይህ ጠረጴዛ ነው። የቢሮዋ ንብረት በሙሉ ደግሞ ይህ አንድ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፑ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። ጠዋት የእናት መሥሪያ ቤት፣ ከሰዓት የልጅ የቤት ሥራ መሥሪያ፣ ማታ ሲኒማ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ የአባትየው እግር ኳስ ማያ ነበር። ለልጆቹ አንድ ርካሽ ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ተጀምሮ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የተጠራቀመው ገንዘብ ያው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን ሸሸ። ቤተሰቡም በአንዱ ቀጠለ።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላል ተረቱ። ችግሩ ብዙ ቤት ውስጥ ያለው አንድ ዓይን ብቻ መሆኑ ነው፤ ልጅ ደግሞ መጫወት አለበት።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከክፍል ጓደኛው በፍላሽ የመኪና እሽቅድምድም ጌም አምጥቶ ነበር። ጌሙ የተሰረቀ ቅጂ ነው፤ በክራክ የሚከፈት። ከጌሙ ጋር ያለው መመሪያ «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋው» ይላል። ልጁም አጠፋው። አላመነታም፤ ለምን ያመንታ? ላፕቶፑ ሲገዛ የሱቁ ቴክኒሽያን ዊንዶውሱንና ኦፊሱን በክራክ ሲከፍት ያደረገው ይኸንኑ ነበር። «አንቲቫይረሱ ያስቸግራችኋል፣ አጥፉት» ብሏቸው ነበር፤ ልጁ አጠገቡ ቆሞ አይቷል። ትልቅ ሰው ሲያደርገው ያየውን ነው የደገመው።

ጌሙም ሠራ። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። እሱ መኪናውን ሲያሽከረክር ከጀርባ ሌላ ፕሮግራም የእናቱን ፋይሎች አንድ በአንድ እየቆለፈ ነበር።

ማታ ነገሩ ሲታወቅ አባት «ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተር የሚባል አይነካም!» ብሎ ጮኸ። እናት ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ከጩኸቱ ይከብድ ነበር። ልጁ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመ፦ «እማ፣ እኔ ያንቺን ፋይል አልነካሁም። እውነቴን ነው፣ አልነካሁም።»

እውነቱን ነበር። የእናቱን ፎልደር አልከፈተም። የእሱ የሚለውን ነገር ብቻ ከፈተ። ነገር ግን በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የእሱና የእሷ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ አካውንት፣ ያውም ሙሉ ሥልጣን ያለው፣ ያውም ፓስወርድ የሌለው። ማንም ቢከፍተው ሁሉን ነው የሚከፍተው።

የእናትየው ታናሽ ወንድም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። በስልክ የነገራት ሦስት ነገር ነበር። «እትዬ፣ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፊው። ምንም ፍላሽ እንዳትሰኪበት። ለሰዎቹም እንዳትጽፊላቸው።» በማግስቱ ጠዋት መጣ። የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልና አጋሮቹ በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል አገልግሎት አለ፤ ለአንዳንድ ዓይነት ቁልፎች መክፈቻ በነፃ ይሰጣል። ሞከረው፤ ለዚህኛው አልሠራም። መክፈልን ግን አልመከረም። ሌባ ገንዘቡን ተቀብሎ ቁልፉን ስለ መስጠቱ ማን ዋስ ይሆናል?

የዳነው ምንድን ነው? የሦስቱ ደንበኞች ሒሳብ ከአምስት ሳምንት በፊት ወደ አንድ ፍላሽ ተገልብጦ ነበር። የአንዱ ሒሳብ ቴሌግራም ላይ ለራሷ የላከችው ቅጂ ተገኘ። የአምስተኛው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ ምንም አልነበረውም። እዚህ ላይ የደረሰላት ወረቀት ነው። የናቀችው ቦክስ ፋይል ተከፈተ። ዘጠኝ ሌሊት ተቀምጣ ደረሰኝ በደረሰኝ እንደገና አስገባች።

ከዘጠኙ ሌሊት የከበዳት ግን አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነገሩን ደብቃ ማለፍ አልፈለገችም፤ ደውላ ነገረችው። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «መቆለፉስ ይሁን፣ መረጃዬ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ወይ?» ብሎ ጠየቃት። በዱቤ የወሰዱ ሰዎች ስም፣ የአቅራቢዎች ዋጋ፣ የሠራተኞች ደሞዝ እዚያ ውስጥ ነበር። የምትመልሰው አልነበራትም። በወሩ መጨረሻ ሰውየው በጨዋ ቋንቋ አመስግኖ ሒሳቡን ሌላ ሰው ጋር ወሰደ።

አባትየው አሁንም የሚያወራው ስለ ልጁ ጥፋት ነበር። ወንድምየው ግን አልተስማማም። «ምድጃውና አልጋው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ጥፋቱ የፍሙ ብቻ አይደለም» አለ። «ልጁን ለመቅጣት ከመነሣታችን በፊት ቤቱን እንከፋፍለው።»

ኮምፒውተርን መከፋፈል አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን አንድን ግዙፍ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጋሩት የሚያደርግ ሥርዓት ሠርቶ አሳየ። ያኔ ኮምፒውተር ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ዕቃ አልነበረም፤ መጋራት ግዴታ ነበር። ከመጋራቱ ጋር ጥያቄው መጣ፦ የአንዱን ፋይል ሌላው እንዳያይበት ምን ይደረግ? መልሱ ለየሰው የራሱ አካውንትና የራሱ ፓስወርድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962፣ አለን ሼር የሚባል ተመራማሪ በሳምንት የተፈቀደለት አራት ሰዓት አልበቃ ቢለው የሁሉንም ፓስወርድ የያዘውን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም መግባት ጀመረ። በሩ በተሠራ በዓመቱ ሰባሪው መጣ ማለት ነው። ቢሆንም በር መሥራት አልቆመም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ የየሰውን ስምና ሥዕል የሚደረድረውን የመግቢያ ገጽ ወደ ተራው ሰው ሳሎን አመጣው።

ስለዚህ ያ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ነገር ላፕቶፑ ውስጥ ከመጀመሪያው ነበር፤ ዋጋውም ነፃ ነው። የተጠቀመበት ሰው ግን አልነበረም።

ወንድምየው ቅዳሜን ሙሉ ተቀመጠ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ንጹሕ ዊንዶውስ ጫነ። ሲጭን አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ተገኘ፦ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ ነበረው። ክራኩ ለዊንዶውሱ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። በተሰረቀው ኦፊስ ፈንታ ሊብሬ ኦፊስን በነፃ ጫነላት።

ከዚያ አራት አካውንት ከፈተ።

የመጀመሪያው የአድሚን ነው። የኮምፒውተሩ ባለሙሉ ሥልጣን እሱ ብቻ ነው፤ ፓስወርዱ ረዥም ነው፤ ማንም የዕለት ሥራውን እዚያ አይሠራም። ፕሮግራም መጫን ሲያስፈልግ ብቻ ፓስወርዱ ይገባል። ሁለተኛው «ሥራ» ይባላል፤ የእናትየው ነው። ሦስተኛው «ቤት» ይባላል፤ ለፊልም፣ ለኳስ፣ ለዘፈን። አራተኛው በልጁ ስም የተከፈተ ነው። ሦስቱም ተራ፣ ማለትም ስታንዳርድ የሚባሉት ናቸው።

እናትየው ገረማት። «እኔ ራሴስ ለምን አድሚን አልሆንም? የቤቱ ባለቤት አይደለሁም እንዴ?»

«እትዬ፣ የቤት ባለቤት የካዝናውን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ አይወጣም» አላት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ፕሮግራም የሚኖረው ሥልጣን የከፈተው አካውንት ያለውን ያህል ነው። ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት የተከፈተ ቫይረስ በቀላሉ ኮምፒውተሩን ሙሉ ሊይዝ ይችላል። በልጁ ተራ አካውንት የተከፈተ ግን በአብዛኛው የልጁን ዕቃ አበላሽቶ የእናቱ በር ላይ ይቆማል። ልጁ ከዚያ በኋላ ይሳሳት ይሆናል፤ ስሕተቱ ግን የእሱን ያህል ይሆናል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ መጣ። ወንድምየው በልጁ አካውንት ገብቶ የእናትየውን ዶክመንት ሊከፍት ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ ከለከለው። ሁሉም ደስ አላቸው። ወዲያው ዲ ድራይቭን ነካ፤ ወለል ብሎ ተከፈተ። እናትየው የዳነውን የሒሳብ ፋይል በሙሉ እንደ ልማዷ ዲ ላይ አስቀምጣው ነበር። «ፎርማት ሲደረግ እንዳይጠፋ ዲ ላይ አድርጊው» ተብላ የተማረችው ነው። ምክሩ ለፎርማት ትክክል ነበር። ዲ ድራይቭ ግን ማንም ካልቆለፈው በስተቀር የሁሉም አካውንት መተላለፊያ ነው። የሥራ ፋይል ዲ ላይ ካለ አራት አካውንት መክፈት አራት በር ሠርቶ ግድግዳውን መተው ነው። ፋይሎቹ ወደ «ሥራ» አካውንት የራሱ ዶክመንት ገቡ።

የመጨረሻው ባክአፕ ነው። አንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ተገዛ። ዘወትር ዓርብ ይሰካል፣ የሳምንቱ ሥራ ይገለበጣል፣ ይነቀልና ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዋናው ነገር መነቀሉ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ቫይረሱ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

ይህ ሁሉ ተአምር አይደለም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ሀርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው፣ ዲስኩ ራሱ በቁልፍ ካልተመሰጠረ በስተቀር፣ የአካውንት ፓስወርድ አይመልሰውም። ራሙ ትንሽ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ከገባ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ፤ ስለዚህ ሲጨርሱ ወጥቶ መሄድን መልመድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓስወርዱን ሁሉም ካወቀው በሩ ላይ ቁልፍ አንጠልጥሎ እንደ መሄድ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ የአድሚኑን ፓስወርድ የጠየቀው ልጁ አልነበረም፤ አባትየው ነበር። ኳስ ለማየት አንድ ነገር ልጫን ብሎ ነው። አልተሰጠውም።

የልጁ ፓስወርድም ክርክር አስነሥቷል። እናት ማወቅ አለብኝ አለች፤ ልጁ የራሴ ካልሆነ ምኑን አካውንት ሆነ አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አጎትየው ሽማግሌ ሆኖ አስታረቃቸው። ልጁ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ለእናቱ ይሰጣል፤ ፖስታው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፈተው የሚያሳስብ ነገር ሲመጣና ልጁ እያየ ነው። ላፕቶፑም ከሳሎን አይወጣም። ፖስታው እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ማንም ያልጠበቀው ለውጥ የመጣው ግን እናትየው ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቷ ጋር ፊልም ለማየት «ቤት» በሚለው አካውንት ገባች። ገጹ ላይ ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተነሡት ፎቶ አለ። የደንበኛ ፎልደር የለም። ቴሌግራሙ እዚያ ስላልተከፈተ «እህት፣ ያቺ ደረሰኝ ደርሳሻለች?» የሚል መልእክት በፊልሙ መሐል ብቅ አይልም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ በፊት አንድ ፊልም ጀምራ የጨረሰችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቤቷ ሆና መሥራት ከጀመረች ወዲህ ከቤቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ገብታ አታውቅም ነበር። ቢሮ የነበረች ጊዜ ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ዝናቡ እንኳ ቢሆን ሥራንና ቤትን ይለያይ ነበር። አሁን የሚለያየው ከአንዱ ወጥቶ በሌላው መግባት ነው፤ የግማሽ ደቂቃ መንገድ። ስልኳ አሁንም ይጮኻል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ላፕቶፑ ግን ማታ ማታ ከሥራ ይወጣል።

በሌላ በኩል ሥራዋም ከቤቷ ዳነ። ድሮ ትንሿ ልጅ ቁልፎቹን ስትነካካ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የድመትና የልብ ስቲከር ስትልክ ኖራለች። አሁን ለደንበኛ ድመት አይሄድም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው፤ ግን የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የማሠልጠን መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሁለቱም ደግ ነገር ነው። ነገር ግን አዋጁ ሊጠብቀው የተነሣው ዳታ ስንቱ የት ነው ያለው? አንዱ ትልቅ ሰርቨር ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ሳሎን ውስጥ፣ ልጅ ጌም የሚጫወትበት ላፕቶፕ ላይ ነው። የሒሳብ ባለሙያው፣ ተርጓሚው፣ የጠበቃው ጸሐፊ፣ የተማሪ ውጤት ቤቱ ወስዶ የሚሞላው መምህር፣ ሁሉም የሌላ ሰው ምሥጢር ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ላፕቶፕ የሚሸጥ ሱቅ ዕቃውን ሲያስረክብ ክራክ ለመጫን የሚያጠፋው ጊዜ ሁለት አካውንት ለመክፈት ይበቃል። ተማሪው የኮምፒውተርን ክፍሎች ስም ሲሸመድድ በዚያው የአድሚንንና የተራ አካውንትን ልዩነት ቢማር ምን ይጎድልበታል? ይባስ ብሎ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። የውጪው አጥር በላላ ቁጥር የውስጡ በር ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል። አንዱን ሁለት ማድረግ ግን ብር አይጠይቅም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው የሚጠይቀው። የዚያች እናት ቤተሰብ ያን ከሰዓት በኋላ ያገኘው ዘጠኝ ሌሊትና አንድ ደንበኛ ከፍሎ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

በቅርቡ ልጁ ፍላሽ ይዞ ከትምህርት ቤት መጣ። ጌሙን ሊጭን ሲል ኮምፒውተሩ የአድሚን ፓስወርድ ጠየቀው። ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ።

«እማ፣ ፓስወርድ ታስገቢልኛለሽ?»

«ከማን አመጣኸው?»

ነገራት። ጌሙ ምን እንደሆነ፣ ጓደኛው ከየት እንዳገኘው፣ አንቲቫይረስ አጥፉ ይላል ወይ፣ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ይላል አላት። «እንግዲያው ቅዳሜ አጎትህ ሲመጣ ይየው» አለችው። ልጁ ትንሽ ፊቱን አጠቆረ። ቢሆንም ፍላሹን የሲኒው ማስቀመጫ አጠገብ አኖረና ወደ ቤት ሥራው ተመለሰ።

ያን ቀንም እንዲህ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ይሆን ነበር። የሚያንኳኳው በር ግን አልነበረውም።